በብዙ መስፈርት ስለ መቍጠር

ከትምህርት ሁሉ አስቀድሞ ሕፃን ልጅ የሚማረው ፊደልና ቍጥር ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ «አቈጣጠር ላስረዳችሁ» ብሎ በመጽሔት ላይ ቢጽፍ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔም እንዲህ ያለ ርእስ ባለፈው ዓመት ባነብ ኖሮ በሳቅሁ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት አንድ ቈጠራ ተሳሳትሁ፤ ስሕተቴም ሰው ጎዳ። ከዚያ ወዲህ መቍጠር ከሚመስለን ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፥ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ላካፍል ወደድሁ። ይህን መጻፌ ዐዋቂ ነኝ ለማለት አይደለም፤ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ሌላው አይቶ እንዲያልፈው ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን የሴቶች ክበብ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ለሚማሩና በሒሳብ ለደከሙ ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። የወላጅ ኮሚቴም የመልመጃ ወረቀት ማባዣውን ገንዘብ ሊከፍል ተስማማ፤ ነገር ግን «አስቀድማችሁ ስንት እንደ ሆኑ ንገሩን» አለ። እኔ የክበቡ ጸሐፊ ስለ ነበርሁ፥ ውጤት የተጻፈበትን ሮስተር በኮምፒዩተር ከፍቼ በኤክሴል ቀመር ቈጠርሁ፤ በዚያው መስፈርት ያጣራሁትን የስም ዝርዝር ከቍጥሩ ጋር አድርጌ ሰጠሁ። ሥራውንም በጥቂት ደቂቃ ስለ ጨረስሁ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ወደ ማጠናከሪያው ክፍል መጣች። ስሟ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ የተባዛውም ወረቀት ለተጠሩት ልክ ስለ ነበር የሚተርፍ አልተገኘም። እርሷም ከደጃፉ ተመልሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ውጤቷን ስለማውቅ መቅረት እንዳልነበረባት ዐወቅሁ። ወዲያው ሮስተሩን ከፍቼ በጣቴ አንድ በአንድ ብቈጥር፥ ቀመሩ ከሰጠኝ ቍጥር የሚበልጥ ሆነ። ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ተሳሳተን? አልተሳሳተም። የጠየቅሁትን ያንኑ መለሰልኝ፤ አጠያየቁን ያላወቅሁት እኔ ነበርሁ።

1. ስለ ሠንጠረዡ

የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ማለት በረድፍና በዓምድ የተከፋፈለ ሰፊ ወረቀት ማለት ነው። እንደዚህ ያለውን ወረቀት የሒሳብ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው እያሰመሩ ይሠሩበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን ቪዚካልክ የሚባለውን ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒዩተር አወጡ፤ በዚህም ወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ኤክሴልም የዚያው ዘር ነው።

ዓምዶቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ስማቸውም በላቲን ፊደላት ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ፥ ኢ እየተባለ ይሄዳል። ረድፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ ስማቸውም ቍጥር ነው። አንድ ዓምድና አንድ ረድፍ የሚገናኙበት ቦታ ሣጥን ይሁንልን። እንግዲህ «ዲ2» ስንል ዲ በሚባለው ዓምድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ሣጥን ማለታችን ነው። «ዲ2:ዲ13» ስንል ደግሞ ከዲ2 ጀምሮ እስከ ዲ13 ያሉትን ሣጥኖች በሙሉ ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላሳስብ። የቀመሮቹንና የዓምዶቹን ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደሚነበቡት በፊደላችን ጻፍኋቸው፤ በኮምፒዩተር ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ደግሞም በሁለቱ ሣጥኖች መካከል የሚገባው ሁለት ነጥብ የላቲኑ እንጂ አባቶቻችን ቃልን ከቃል ይለዩበት የነበረው የእኛ ሁለት ነጥብ አይደለም። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ልዩ ልዩ ናቸው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የ12 ተማሪዎች ትንሽ ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። ለትምህርት ያህል የፈጠርሁት ስለ ሆነ የማንንም ሰው ውጤት አይገልጥም፤ ነገር ግን በእውነተኛው ሮስተር ያጋጠሙኝ እንቅፋቶች ሁሉ አሉበት። የመጀመሪያው ረድፍ አርእስት ነው፤ ተማሪዎቹ ከረድፍ 2 እስከ ረድፍ 13 ይገኛሉ። ኤ ተራ ቍጥር፥ ቢ ጾታ፥ ሲ የትምህርት ዘርፍ፥ ዲ ሒሳብ፥ ኢ እንግሊዝኛ ነው።

ተራ ቍጥር | ጾታ | ዘርፍ | ሒሳብ | እንግሊዝኛ
1 | ሴት | ማኅበራዊ | 42 | 61
2 | ወንድ | ተፈጥሮ | 75 | 70
3 | ሴት | ተፈጥሮ | 48 | 45
4 | ወንድ | ማህበራዊ | 50 | 38
5 | ወንድ | ማኅበራዊ | 33 | 47
6 | ሴት | ማኅበራዊ | ባዶ ሣጥን | 58
7 | ሴት | ተፈጥሮ | 81 | 77
8 | ወንድ | ተፈጥሮ | 46 | 52
9 | ሴት | ማሕበራዊ | 39 | 44
10 | ወንድ | ተፈጥሮ | 64 | 49
11 | ሴት | ማህበራዊ | 57 | 66
12 | ወንድ | ማኅበራዊ | 68 | 55

በተራ ቍጥር 6 «ባዶ ሣጥን» ያልሁት ምንም ነገር አልተጻፈበትም ለማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ወደ ፊት ከማለፍህ በፊት በማኅበራዊ ዘርፍ ሆነው በሒሳብ ከ50 በታች ያገኙትን ልጃገረዶች በዓይንህ ቍጠርና መልስህን በልብህ ያዝ። ኋላ እንገናኝበታለን።

2. አንድ መስፈርትና ብዙ መስፈርት

በአንድ መስፈርት ብቻ ለመቍጠር ካውንትኢፍ የሚባል ቀመር አለ። ካውንት «ቍጠር»፥ ኢፍ ደግሞ «እንዲህ ከሆነ» ማለት ነው። በሒሳብ ከ50 በታች ያገኙትን ለማወቅ እንዲህ ይጻፋል፤

=ካውንትኢፍ(ዲ2:ዲ13,"<50")

መልሱ 5 ነው። ልጃገረዶቹን ለመቍጠርም፤

=ካውንትኢፍ(ቢ2:ቢ13,"ሴት")

መልሱ 6 ነው። አሁን ግን «በሒሳብ ከ50 በታች ያገኙ ልጃገረዶች ስንት ናቸው?» ብንባል፥ 5ንና 6ን ብንደምራቸውም ብንቀንሳቸውም መልሱን አናገኝም። ከአምስቱ ደካሞች ስንቱ ሴት እንደ ሆኑ ሁለቱ ቍጥሮች አይነግሩንምና። እያንዳንዱን ተማሪ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ካውንትኢፍስ ነው፤ በመጨረሻው ያለችው «ስ» መስፈርቱ ብዙ መሆኑን ታመለክታለች። ይህ ቀመር ወደ ኤክሴል የገባው በ2007 እትም (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ነው።

=ካውንትኢፍስ(ቢ2:ቢ13,"ሴት",ዲ2:ዲ13,"<50")

አነባበቡ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ የሚፈለግበት ቦታ፥ ቀጥሎ መስፈርቱ፥ ዳግመኛ ቦታ፥ ዳግመኛ መስፈርት ነው። ኮምፒዩተሩ ከረድፍ 2 ተነሥቶ እያንዳንዱን ተማሪ «ሴት ነሽን? በሒሳብ ከ50 በታች ነሽን?» እያለ ይጠይቃል። ለሁለቱም «አዎን» የተባለ እንደ ሆነ 1 ይቈጥራል፤ አንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ይዘለዋል። መልሱ 3 ነው፤ እነርሱም ተራ ቍጥር 1፥ 3ና 9 ናቸው።

የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ። ቦታዎቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። ጾታው ከረድፍ 2 እስከ 13 ተሰጥቶ ሒሳቡ ከ2 እስከ 12 ብቻ ቢሰጥ ኮምፒዩተሩ ስሕተት መሆኑን ይናገራል። ይህ መልካም ነው፤ የሚናገር ስሕተት ከማይናገር ስሕተት ይሻላል። አንዱ ዓምድ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ግን ምንም ክልክል የለበትም። ለምሳሌ በሒሳብ ከ40 ጀምሮ እስከ 50 ሳይደርሱ ያሉትን ለመቍጠር፤

=ካውንትኢፍስ(ዲ2:ዲ13,">=40",ዲ2:ዲ13,"<50")

መልሱ 3 ነው፤ 42፥ 48ና 46 ያገኙት ናቸው። 50 ያገኘው ተራ ቍጥር 4 አልተቈጠረም፤ «ከ50 በታች» ማለት 50ን አይጨምርምና። «<=50» ብለን ብንጽፍ ኖሮ እርሱም በገባ ነበር። አንዲት እኩልታ ምልክት አንድ ተማሪ ታስገባለች፥ አንድ ተማሪም ታስወጣለች።

ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ደስ ያሰኛል። ጆርጅ ቡል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ (1815–1864 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በ1854 ባሳተመው ስለ አስተሳሰብ ሕግጋት በሚናገር መጽሐፉ፥ የሰው አስተሳሰብ በሒሳብ ምልክት ሊጻፍ እንደሚችል አስረዳ። በእርሱ ትምህርት መሠረት እውነትን 1፥ ሐሰትን 0 ብንል «ይህም ያም» ማለት ማባዛት ይሆናል። ተራ ቍጥር 1 ሴት ናት፥ 1፤ በሒሳብም ከ50 በታች ናት፥ 1፤ 1 ጊዜ 1 ደግሞ 1 ነው። ተራ ቍጥር 5 ወንድ ነው፥ 0፤ ከ50 በታች ነው፥ 1፤ 0 ጊዜ 1 ግን 0 ነው። ከመስፈርቶቹ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌሎቹ ሊያድኑት አይችሉም።

ኋላም ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ በኤሌክትሪክ ሠራው። የአሜሪካ የ1880 የሕዝብ ቈጠራ ውጤቱን ለማጠናቀቅ ስምንት ዓመት ያህል ስለ ፈጀ፥ ለ1890ው ቈጠራ እርሱ የፈለሰፈው መኪና ተመረጠ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ተዘጋጅቶ ጾታው፥ ዕድሜው፥ ሥራው በቀዳዳ ይመለከት ነበር። የብረት መርፌ በቀዳዳው ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና የመቍጠሪያው እጅ አንድ ይራመዳል። ሽቦዎቹ በተለየ መንገድ ሲገናኙ ደግሞ እጁ የሚራመደው ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ካርድ ላይ አብረው ሲገኙ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ከ62 ሚሊዮን የሚበልጠው ያ ሕዝብ በብዙ መስፈርት የተቈጠረው በዚህ ጥበብ ነው። በአገራችንም በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የሕዝብና የቤት ቈጠራዎች «በገጠር የሚኖሩ፥ ሴቶች የሆኑ፥ ማንበብ የሚችሉ» የሚል ጥያቄ በቀረበ ቍጥር አሳቡ ይኸው ነው።

3. «ና» የምትባለው ፊደል

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ቀመር የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ከአነጋገር ነው። አንድ መምህር «በሒሳብና በእንግሊዝኛ ከ50 በታች ያገኙ ተማሪዎች ስንት ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ ምን ብለን እንመልስ? አንዱ ተማሪ በሁለቱም የደከሙትን ሊቈጥር ይችላል። ሌላው ደግሞ በአንደኛው የደከመም ቢሆን ይገባል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሁለቱም አማርኛ ዐዋቂዎች ናቸው፤ «ና» የምትባለው ፊደል ሁለቱንም ትሸከማለችና።

በሁለቱም የደከሙትን ለመቍጠር፤

=ካውንትኢፍስ(ዲ2:ዲ13,"<50",ኢ2:ኢ13,"<50")

መልሱ 3 ነው፤ ተራ ቍጥር 3፥ 5ና 9። በአንደኛው ወይም በሁለቱ የደከሙትን ለመቍጠር ግን በሒሳብ የደከሙትን 5ና በእንግሊዝኛ የደከሙትን 5 ደምሮ 10 ናቸው ማለት ስሕተት ነው። የሰፈራችንን ኑሮ እናስብ። በአንድ መንደር የእድር አባሎች 5፥ የእቁብ አባሎች 5 ቢሆኑ፥ ከእነዚህም ሦስቱ በሁለቱም ቢገኙ፥ ሁሉንም ቡና የምትጠራ እናት ዐሥር ስኒ አታቀርብም። ሦስቱ ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተቈጥረዋልና አንድ ጊዜ ይቀነሳሉ፤ ስኒው ሰባት ይበቃል። ቀመሩም እንዲሁ ነው፤

=ካውንትኢፍ(ዲ2:ዲ13,"<50")+ካውንትኢፍ(ኢ2:ኢ13,"<50")-ካውንትኢፍስ(ዲ2:ዲ13,"<50",ኢ2:ኢ13,"<50")

5 ሲደመር 5 ሲቀነስ 3፥ መልሱ 7 ነው። እነርሱም ተራ ቍጥር 1፥ 3፥ 4፥ 5፥ 8፥ 9ና 10 ናቸው። እንግዲህ ለአንድ ጥያቄ 3፥ 7ና 10 የሚሉ ሦስት መልሶች አገኘን። 10 ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ 3ና 7 ግን ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በጠያቂው አሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተሩ ከመሄድ በፊት ወደ ጠያቂው ተመልሶ «በሁለቱም ነው? ወይስ በአንደኛውም ቢሆን?» ማለት አያሳፍርም።

4. ፊደላችንና ቀመሩ

አሁን እኔ ወደ ተሳሳትሁበት ደረስን። የሴቶች ክበብ የጠየቀው ሦስት መስፈርት ነው፤ ሴት፥ በማኅበራዊ ዘርፍ የምትማር፥ በሒሳብ ከ50 በታች ያገኘች። እኔም በሙሉ እምነት እንዲህ ጻፍሁ፤

=ካውንትኢፍስ(ቢ2:ቢ13,"ሴት",ሲ2:ሲ13,"ማኅበራዊ",ዲ2:ዲ13,"<50")

በዚህ ትንሽ ሠንጠረዥ ላይ መልሱ 1 ይሆናል። አንባቢ በዓይኑ ከቈጠረ ግን ቢያንስ ሁለት ማግኘቱ አይቀርም፤ ተራ ቍጥር 1ና ተራ ቍጥር 9። ታዲያ ተራ ቍጥር 9 ወዴት ሄደች? ሴት ናት፤ በሒሳብ ያገኘችውም 39 ነው። ችግሩ በዘርፏ ላይ ነው። «ማሕበራዊ» ተብሎ የተጻፈው በሐመሩ «ሕ» ሲሆን፥ እኔ የጠየቅሁት በብዙኃኑ «ኅ» ነበር።

ሮስተሩን በየተራቸው የሞሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በሃሌታው «ህ»፥ አንዱ በሐመሩ «ሕ»፥ አንዱ በብዙኃኑ «ኅ» ጻፉ። ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ሦስቱ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ ዓይናችን ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፋል። ኮምፒዩተር ግን ድምፅ አይሰማም። የግእዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ተሰጠው። ስለዚህ «ማኅበራዊ»፥ «ማሕበራዊ»ና «ማህበራዊ» ለእርሱ ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ»ና «ስራ»፥ «ዓለም»ና «አለም»፥ «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» እንዲሁ ናቸው። ከቃሉ ኋላ በስሕተት የገባ ባዶ ክፍተት እንኳ ቃሉን ሌላ ያደርገዋል፤ እርሱም ለዓይን ፈጽሞ አይታይም።

ከደጃፍ የተመለሰችው ጓደኛዬ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። በትምህርቷ የሚያስቀራት ነገር አልነበረም፤ ስለ እርሷ የተጻፈ አንድ ፊደል እኔ ከጠየቅሁት ፊደል ስለ ተለየ ብቻ ሳትቈጠር ቀረች።

ይህን ስሕተት ለመያዝ የሒሳብ መምህራችን አንድ ቀላል ዘዴ አሳዩኝ። ክፍሎቹ ተደምረው ሙሉውን ሊሰጡ ይገባል። «ማኅበራዊ» ብለን ብንቈጥር 4፥ «ተፈጥሮ» ብለን ብንቈጥር 5፥ ድምሩ 9 ነው። ተማሪዎቹ ግን 12 ናቸው። እንግዲህ ሦስት ሰዎች የትም ሳይገቡ ቀርተዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ድምር አስቀድሜ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ከቅዳሜው በፊት በተገለጠልኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነብኝ።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለጊዜው የሚሆን ነው፤ በቀመሩ ውስጥ በአጠራጣሪው ፊደል ቦታ የላቲኑን የጥያቄ ምልክት አግብቶ "ማ?በራዊ" ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ምልክት በካውንትኢፍስ ውስጥ «አንድ ፊደል፥ ማንኛውም ይሁን» ማለት ስለ ሆነ ሦስቱንም አጻጻፍ ይይዛል፤ መልሱም 2 ይሆናል። ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ሮስተሩን ራሱን ማረም፥ ይኸውም «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ መመለስ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሮስተሩ ገና ሲዘጋጅ በዘርፉ ዓምድ ላይ የምርጫ ዝርዝር ማድረግ ነው። የሚሞላው ሰው ቃሉን አይጽፍም፤ ከተዘጋጁት ሁለት ቃላት አንዱን ይመርጣል። እንዲህ ከሆነ ፊደል ሊለያይ አይችልም።

5. ባዶ ሣጥን ዜሮ አይደለም

ፊደሉን ካረምሁ በኋላ ቀመሩ 2 ሰጠኝ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ነገር ግን አንዲት ሌላ ጓደኛዬ ያንኑ ሮስተር ከታላቅ ወንድሟ በተማረችው በሌላ ቀመር ቈጥራ 3 አገኘች። ሁለታችንም በየቀመራችን ተማምነን ብዙ ተከራከርን። የእርሷ ቀመር ሰምፕሮዳክት ይባላል፤ ትርጓሜውም የብዜቶች ድምር ማለት ነው፤

=ሰምፕሮዳክት((ቢ2:ቢ13="ሴት")*(ሲ2:ሲ13="ማኅበራዊ")*(ዲ2:ዲ13<50))

ይህ ቀመር ካውንትኢፍስ ሳይወጣ በፊትም ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረ ነው። ቡል እንዳስተማረው እያንዳንዱን መስፈርት 1 ወይም 0 አድርጎ ያባዛል፤ ከዚያም ብዜቶቹን ይደምራል። አሳቡ ከካውንትኢፍስ ጋር አንድ ከሆነ ታዲያ ስለ ምን 2ና 3 ተባባልን?

ልዩነቱን ፈልገን ያገኘነው በተራ ቍጥር 6 ላይ ነው። እርሷ ሴት ናት፥ በማኅበራዊ ዘርፍ ትማራለች፥ የሒሳብ ሣጥኗ ግን ባዶ ነው። ካውንትኢፍስ «ከ50 በታች» ሲባል ቍጥር የተጻፈባቸውን ሣጥኖች ብቻ ይመለከታል፤ ባዶውን ያልፈዋል። ሰምፕሮዳክት ግን ሣጥኑን ከ50 ጋር ሲያስተያይ ባዶውን እንደ 0 ይወስደዋል፤ 0 ደግሞ ከ50 በታች ስለ ሆነ ይቈጥራታል። አንዱ «የለችም» አለ፤ ሌላው «ዜሮ አገኘች» አለ። ሁለቱም አንዳች አልነገሩንም። በእውነተኛው ሮስተር ላይም ሣጥኗ ባዶ የነበረ ልጅ በፈተናው ቀን ታማ የቀረች ነበረች።

ሁለታችን ወደ መምህራችን ሄደን «የማናችን ቀመር ትክክል ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሮስተሩን ተመልክተው፤ «ልጆቼ፥ ባዶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ያልታወቀውን ነገር ቀመር አይፈርደውም፤ ሰው ጠይቆ ይረዳዋል» አሉን። ቀጥለውም ልጅቱ ፈተናውን እንድትወስድ ቀን ቈረጡላት፤ እስከዚያውም ድረስ ወደ ማጠናከሪያው እንድትመጣ አደረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶዎቹን ለብቻቸው መቍጠር ልማዴ ሆነ። ቀመሩም ይህ ነው፤

=ካውንትኢፍስ(ቢ2:ቢ13,"ሴት",ሲ2:ሲ13,"ማኅበራዊ",ዲ2:ዲ13,"")

በመስፈርቱ ቦታ በሁለቱ የጥቅስ ምልክቶች መካከል ምንም አለመኖሩን ልብ በሉ፤ «ምንም ያልተጻፈበት» ማለት ነው። መልሱ 1 ነው። እንግዲህ ለኮሚቴው መሰጠት የነበረበት መልስ «2 ናቸው» ወይም «3 ናቸው» የሚል ብቻ አይደለም፤ «2 ከ50 በታች አግኝተዋል፤ 1 ግን ውጤቷ አልታወቀም» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ጥቂት ይረዝማል፤ ነገር ግን ማንንም አይደብቅም።

ማጠቃለያ

አንባቢ መጀመሪያ ላይ በልቡ የያዘውን ቍጥር አሁን ያስታውስ። የእኔ ቀመር በመጀመሪያ 1 አለ፤ ፊደሉ ሲታረም 2 አለ፤ ባዶው ሣጥን ሲጠየቅ ሦስተኛዋ ተገኘች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምፒዩተሩ አንድም የሒሳብ ስሕተት አልሠራም። ከዚህ የተማርሁትን በአራት ጥያቄ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ፤ በሠንጠረዥ ላይ የሚቈጥር ሁሉ ቍጥሩን ለሌላ ሰው ከመስጠቱ በፊት ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፥ ጠያቂው የፈለገው «ሁለቱንም» ነው ወይስ «አንዱንም ቢሆን»? ወሰኑስ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም?
ሁለተኛ፥ ቃላቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈዋልን? ክፍሎቹ ሲደመሩስ ሙሉውን ይሰጣሉን?
ሦስተኛ፥ ባዶ ሣጥን አለን? ካለስ የማን ነው?
አራተኛ፥ ከቍጥሩ ውስጥ ጥቂቱን በጣቴ ቈጥሬ ከቀመሩ ጋር አስተያይቻለሁን?

ወላጆችና መምህራንም ከኮምፒዩተር የወጣ ቍጥር ሲቀርብላችሁ፥ ቍጥሩ ንጹሕ ሆኖ ስለ ታተመ ብቻ አትቀበሉት። «ማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ጸሐፊውን ማዋረድ አይደለም፤ ያልተቈጠረውን ሰው መፈለግ ነው። በሮስተር ላይ አንድ ረድፍ የምንለው በእውነቱ በማለዳ ተነሥታ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣ ልጅ ናትና።

በሚከተለው ሰኞ ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋትና ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሷም ሥቃ «እኔ በየትኛው ሀ እንደምጻፍ አላውቅም ነበር» አለችኝ። የወላጅ ኮሚቴም የጐደለውን ወረቀት አስባዛ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስቱ የ«ሀ» ወገኖች ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ታማ የቀረችውም አብራ ነበረች። እኔም ከደጃፉ ቆሜ የገቡትን በጣቴ ቈጠርሁ፤ ከዝርዝሩም ጋር አስተያየሁት። በዚያን ቀን ልክ ሆነ።